ጥፋቱ የእጃችሁ ላይሆን ይችላል

የመጀመሪያዬን ረከቦት ልሠራ የተነሣሁት ለእናቴ ነበር። እንጨቱን ያገኘሁት ከፈረሰ አሮጌ ቤት ነው፤ የበር መቃን የነበረ ዋንዛ፣ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8። ያረጀ ቀለሙን ፍቄ ከሥሩ ያ ሞቅ ያለ ቡናማ መልኩ ብቅ ሲል ደስታው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። በማግስቱ ተሸክሜው ወደማውቀው የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። ባንድሶ በሚባለው፣ ምላጩ ቀለበት ሆኖ በሚዞር መጋዝ ላይ በጠርዙ አቁሜ፣ እያንዳንዱ 12 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጣውላ ላወጣበት መሰንጠቅ ጀመርኩ።

ገና አንድ ስንዝር ሳልገፋ ምላጩ መስመሩን ለቀቀ። ወደ ግራ ይስባል፣ ወደ ቀኝ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ጠበቅ አድርጌ ስገፋው ጭስ ጭስ ሸተተኝ። አውጥቼ ሳየው የተሰነጠቀው ፊት ጠቁሯል፤ ጣውላው በአንዱ ጠርዝ 15፣ በሌላው 8 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ መሀሉ እንደ በርሜል ሆድ ተነፍቷል። ሁለተኛውንም እንደዚያው አበላሸሁት። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቼ የሰጋቱራው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። በአእምሮዬ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም።»

የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ አናጢ፣ ከወዲያኛው ጥግ መጡ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ጋሼ፣ እጄ አይጸናም።»

እጄን አላዩትም። የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉ፤ በሩን ከፈቱ፤ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በጥርሶቹ ላይ እያንሸራተቱ ቆጠሩ። «በአንድ ኢንች 10 ጥርስ። ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር። ልጆቹ ትናንት አበባ ሲያወጡበት የዋሉት እኮ ነው! ልጄ፣ አንተ በጥልፍ መርፌ ጆንያ እየሰፋህ ነው።»

ከግድግዳው ላይ ሌላ ምላጭ አወረዱ፤ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 3 ጥርስ ብቻ። አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ገጠሙት፣ ወጠሩት፣ በእጃቸው አዙረው አዩት። ከዚያ እኔኑ መልሰው ማሽኑ ፊት አቆሙኝ። ያው እጅ፣ ያው ማሽን፣ ያው ዋንዛ። ምላጩ ግን መስመሩን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

ይህን ታሪክ የማወራችሁ ስንቶቻችን ሰጋቱራው ላይ እንደተቀመጥን ስለማውቅ ነው። አንድ ሥራ እምቢ ሲለን መጀመሪያ የምንከሰው ራሳችንን ነው፤ «ተሰጥኦ የለኝም» እንላለን። ቀጥለን ማሽኑን እንከሳለን፤ ገንዘብ አጠራቅመን ትልቁን እስክንገዛ ሥራውን እናቆያለን። በሁለቱ መሀል ያለውን፣ ዛሬውኑ በአሥር ደቂቃ ሊለወጥ የሚችለውን ነገር ዘለን እናልፋለን። እኔ ዛሬ ስለዚያች አሥር ደቂቃ ልነግራችሁ ነው፤ ባንድሶ ለምትነኩ ሁሉ፣ ገና ልትነኩ ለምታስቡም።

ምላጩ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የመሣሪያው የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ማለቂያ የሌለው ቀለበት ሆኖ በሁለት ጎማዎች ላይ የሚዞር መጋዝ ለመሥራት የታሰበው በፈረንጆች 1800ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው፤ ዊሊያም ኒውቤሪ የተባለ እንግሊዛዊ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። ግን ወደ 40 ዓመት ገደማ ሳይሠራበት ቆየ። የጎደለው ጎማ ወይም ሞተር አልነበረም፤ ምላጩ ነበር። ያለማቋረጥ እየታጠፈ እየተቃና የሚዞረውን ብረት፣ በተለይ ጫፍና ጫፉ የተገናኘበትን ቦታ፣ ሳይበጠስ የሚያቆይ ዘዴ አልተገኘም። በ1846 አን ፖሊን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት የምላጩን ሁለት ጫፎች የምትበይድበትን ዘዴ አስመዘገበች። የፓሪሱ ፔሪን ኩባንያ መብቱን ገዛ፤ ዘዴዋን ከተሻለ ብረትና ከተሻለ አሞቆ የማጠንከር ጥበብ ጋር አዋሕዶ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ምላጭ አወጣ። ያ ሁሉ ማሽን የቆመው አንዲት ሴት ብየዳ ላይ ተጨንቃ ባሰበችበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ለዚያች ቀጭን ብረት ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

እንግዲህ ምላጭ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው ወይስ እዞራለሁ?» የሚለው ነው። መልሱ የምላጩን ወርድ ይነግራችኋል። ሰፊ ምላጭ ከኋላው ብዙ ብረት ስላለው ሲገፉት አይጎብጥም፤ ቀጥ ላለ መስመርና ወፍራም እንጨት ለመሰንጠቅ የተሠራ ነው። ጠባቡ ደግሞ ይዞራል፤ ለመዞር ሲባል ቀጥታነቱን ሰጥቷል። የእኔ ጣውላ መሀሉ የተነፋው ለዚህ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ብረት 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው እንጨት ውስጥ ስገፋው ወደ ኋላ ጎበጠ፣ መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ሸሸ።

መጠኑን በቤታችን ዕቃ ላስረዳችሁ። 6 ሚሊ ሜትር ምላጭ ሬዲየሱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ መዞር ይችላል፤ የሲኒ አፍ የሚያህል ክብ ሳይጨነቅ ያወጣላችኋል። 10 ሚሊ ሜትሩ ወደ 36 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይፈልጋል። 13 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ግማሽ ኢንቹ፣ 64 ሚሊ ሜትር ካላገኘ አይዞርም፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን በሉት። የ20 ሚሊ ሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የ25ቱ ደግሞ 18። ይህ ትልቁ ምላጭ የእንጀራ ምጣድን ክብ በሰላም ይዞራል፤ ሲኒውን ግን እንዳታስሞክሩት። ጠምዝዛችሁ ካስገደዳችሁት ጀርባው እንጨቱን ይፍቃል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይበጠሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ሰፊ ከሆነ ይበልጣል» ብላችሁ ማሽናችሁ የሚችለውን ትልቁን ምላጭ አትጫኑበት። ሰፊ ምላጭ ብዙ ውጥረት ይጠይቃል፤ የትንሽ ማሽን አንገት ያን ያህል አይችልም። በትክክል የተወጠረ 13 ሚሊ ሜትር ባለ 3 ጥርስ፣ ከላላ 25 ሚሊ ሜትር ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሰነጥቅላችኋል። የብረቱ ውፍረትም ከጎማው ጋር መስማማት አለበት፤ የተለመደው መመሪያ የጎማውን ዲያሜትር ለ1,000 ማካፈል ነው። 400 ሚሊ ሜትር ጎማ ላላት ማሽን 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በጣም የወፈረ ምላጭ በትንሽ ጎማ ላይ እየታጠፈ ቶሎ ይሰነጠቃል። ትንሽ ማሽን ያላችሁ ወጣቶች፣ ይህ ለእናንተ የምሥራች ነው! ለማሽናችሁ ልክ የሆነ ምላጭ አለ፤ የጎረቤታችሁን መመኘት አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጥርስ ብዛት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጥርስ በበዛ ቁጥር የተሻለ የሚቆርጥ ይመስለናል። እስቲ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ተመልከቱ። ጥርሱ የፋቀውን ሰጋቱራ ከእንጨቱ ውስጥ አፍሶ የሚያወጣው እርሷ ናት። ጥርስ ሲበዛ ጎድጓዳዎቹ ያንሳሉ። ወፍራም እንጨት ውስጥ ገና መሀል ሳይደርሱ ይሞላሉ፤ የሞላ ጎድጓዳ ያለው ጥርስ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል። በሻይ ማጥለያ ጠላ ለማጥለል እንደመሞከር ነው፤ ማጥለያው ጥሩ ነው፣ አተላው ግን ይደፍነዋል። የሸተተኝ ጭስ ከዚያ የመጣ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። 12 ሴንቲ ሜትር ማለት 4.7 ኢንች ያህል ነው። ባለ 10ሩ ምላጭ በአንድ ጊዜ 47 ጥርስ እንጨቱ ውስጥ ነበረው፤ ባለ 3ቱ 14። አናጢዎች የሚመሩበት ልክ በማንኛውም ሰዓት ከ6 እስከ 12 የሚሆኑ ጥርሶች እንጨቱ ውስጥ ቢኖሩ ነው፤ ጥቂት ቢያልፍ አይጎዳም፣ 47 ግን ሌላ ዓለም ነው። ከ3 በታችም መውረድ የለበትም። 2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ በባለ 3 ጥርስ ብትቆርጡ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው እንጨቱን የሚነካው፤ ይነጥቃል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ጠርዙን ይገነጥላል። ለእርሱ ከ6 እስከ 10 ያለውን ምረጡ። ወደ ማሽኑ ከመሄዳችሁ በፊት ምላጩ የሚያልፍበትን የእንጨታችሁን ከፍታ በኢንች ለኩና በጥርሱ ቁጥር አባዙት። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ሥራ ነው፤ ስንት ጣውላ እንደሚያድንላችሁ ግን ከራሴ ኪሳራ አውቀዋለሁ።

የጥርሱን ቅርጽ በአጭሩ ልለፈው። ቀጥ ብሎ የቆመ ጥርስ ለስላሳ ፊት ይሰጣል፤ በቀስታ ይሄዳል። አንድ አንድ ጥርስ እየተዘለለ የተሠራው ለስላሳ ባሕርይ ላላቸውና ሙጫ ለሚበዛባቸው እንጨቶች ይስማማል፣ ሰፊ ቦታ ስላለው አይደፈንም። ወደ ፊት ያዘነበለው ጥርስ ደግሞ ራሱ ይነክሳል፤ ወፍራምና ጠንካራ እንጨት ለመሰንጠቅ ከእርሱ የሚሻል አላየሁም። የብረቱ ዓይነት እንደ ኪሳችሁ ነው፤ ተራው ካርቦን ብረት ርካሽ ነው፣ ሊሞረድም ይችላል፤ በለስላሳ ጀርባ ላይ ጠንካራ የጥርስ ብረት የተበየደበት ዋጋው ከፍ ይላል፣ ዕድሜውም እንዲሁ። እንደ ወይራ ያለ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ እንጨት አዘውትሮ የሚቆርጥ ሰው በሁለተኛው አይቆጭም። ለጀማሪ ግን ተራው ይበቃል፤ ሲማሩ ማበላሸት በርካሹ ይሻላል።

እንጨቱን ራሱንም መጠየቅ አለባችሁ። ዝግባ እኩልና ለስላሳ ነው፤ ምላጩን አያስቸግርም። ባሕር ዛፍ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ይዞ ያድጋል፤ ስትሰነጥቁት ሁለቱ ወገን ወይ ይፈነጠራሉ ወይ ተመልሰው ምላጩን ይነክሳሉ፤ ጥርሱ ግራና ቀኝ በደንብ የተከፈተ ምላጭና በቀዳዳው ውስጥ የምትሰካ ሽብልቅ ይፈልጋል። እርጥብ እንጨትም እንደዚሁ። ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ሚስማር ፈልጉ። በማግኔት ዳስሱት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ባያችሁበት ቦታ በመሮ ቆፍሩ። ከእኔ መቃን ውስጥ አራት ሚስማር ወጥቷል፤ አንዱ ብቻ ቢቀር የዚያን ቀን አዲስ ምላጭ ጥርስ አልባ ይሆን ነበር።

አሁን ደግሞ ልቤን የሚያሞቀውን ሒሳብ ስሙ። የእኔ መቃን ውፍረቱ 80 ሚሊ ሜትር ነው አልኳችሁ። 3 ሚሊ ሜትር በሚበላ የክብ መጋዝ 12 ሚሊ ሜትር ጣውላ ባወጣ አምስት ብቻ ይወጣሉ፤ አምስቱና አራቱ ቁርጥ 72 ይሆናሉ፣ የቀረው 8 ሚሊ ሜትር ለምንም አይበቃም። 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚበላ ባንድሶ ግን ስድስት ይወጣሉ፤ ከአምስት ቁርጥ ጋር 78። አንድ ሙሉ ጣውላ ሰጋቱራ ከመሆን ተረፈ ማለት ነው። ዋንዛ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህች አንድ ጣውላ ቀላል ነገር አይደለችም። ትክክለኛ ምላጭ መምረጥ ዛፉንም ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ምላጩን መርጣችሁ በደንብ ካልገጠማችሁት ልፋቱ ከንቱ ነው። ጥርሱ ወደ ታች፣ ወደ ገበታው ማየት አለበት፤ የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ተገልብጦ የተገጠመ ምላጭ በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይኛው ጎማ ላይ መሀል ይዞ መዞሩን በእጃችሁ እያዞራችሁ አረጋግጡ። ግራና ቀኝ የሚደግፉትን መያዣዎች የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉላቸው፤ ጥርሶቹን እንዳይነኩ ከጎድጓዳው ኋላ ይቁሙ። ከኋላ ያለው ኩሽኔታ ሳትቆርጡ ምላጩን መንካት የለበትም፣ ስትገፉ ብቻ ይቀበለው። የላይኛውን መከለያ ከእንጨቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ አውርዱት፤ ለጣታችሁም ለቁርጡም ይበጃል። ጓንት አታድርጉ፣ ይስባችኋል። ገመዱን ሳትነቅሉ የማሽኑን በር አትክፈቱ።

ማታ ስትሄዱ ውጥረቱን አላሉት። ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የትናንሽ ሥራ ቤት ማሽኖች ምላጩን በደቂቃ 900 ሜትር ገደማ ያስሮጡታል፤ 2.4 ሜትር የሚረዝም ምላጭ ከሆነ በደቂቃ 375 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ በሁለት ጎማ ላይ ይታጠፋል። በአንድ ደቂቃ 750 ጊዜ መታጠፍና መቃናት! ቀኑን ሙሉ እንዲህ የሠራ ብረት ሌሊቱን ማረፍ ይገባዋል። እናንተም ብትሆኑ።

ረከቦቱ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ጎኖቹንና መደቡን በሰፊው ምላጭ ሰነጠቅሁ። እግሮቹን፣ እነዚያን ወደ ውጭ ቀለስ ብለው የሚወርዱትን፣ ከመቃኑ ከቀረው ቁራጭ በ10 ሚሊ ሜትር ባለ 6 ጥርስ አወጣኋቸው። የቀረኝ ከፊት ለፊቱ የሚወርደው ማዕበል መሳይ ጠርዝ ነበር፤ ጣውላው 12 ሚሊ ሜትር፣ ጥምዞቹ ከሲኒ አፍ የጠበቡ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ከግድግዳው አንድ ምላጭ አውርደው ሰጡኝ። ሳየው ያው የመጀመሪያ ቀን የረገምኩት 6 ሚሊ ሜትር ባለ 10 ጥርስ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ ወደ መስመሩ አጫጭር ቁርጦች አስገባሁ፤ ትርፉ እንጨት እየተቆራረጠ ሲወድቅ ምላጩ መፈናፈኛ ያገኛል፣ አይታነቅም። ከዚያ በቀስታ ገፋሁት። እያንዳንዱን ማዕበል ጸጥ ብሎ ዞረ፤ ፊቱ በጣት ሲዳሰስ ብርጭቆ ወረቀት እምብዛም አልጠየቀም። ያ ምላጭ ከጥቂት ቀናት በፊት እንዳስለቀሰኝ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። እናቴ ዛሬም ቡና ስታፈላ ሲኒዎቿን የምትደረድረው በዚያ ረከቦት ላይ ነው።

እናንተ ነገ ጠዋት ይህን አድርጉ። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉና በሩን ክፈቱ። ማስመሪያ ምላጩ ላይ አስደግፉ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠሩ፣ ወርዱን ለኩ፣ በጥፍራችሁ ስለቱን ዳስሱ። ሁለቱን ቁጥሮች በጠመኔ በሩ ላይ ጻፏቸው። ትርፍ ምላጮች ካሏችሁ ለእያንዳንዳቸው ግድግዳው ላይ ሚስማር ምቱ፤ ከሥሩ ወርዱንና ጥርሱን ጻፉ። አንድ ብቻ ካላችሁ 10 ሚሊ ሜትር ከ4 እስከ 6 ጥርስ ያለው ይሁን፤ ብዙውን ሥራ ያሠራችኋል፣ ሁለተኛውን እስክትገዙ። ከዚያ ያን ከግድግዳው አስደግፋችሁ የተዋችሁትን፣ «እኔ አልችለውም» ያላችሁትን ጣውላ አምጡትና ውፍረቱን ለኩት።